ከሆዷ ሳትታይ የተገዛች ሙስታንግ

ሙርዋይክ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባዩን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ተቀምጦ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ሳይጋመስ ወደ ኋላ በር ሄዶ ይቆማል። ሰው ቤት ሲጠራ መጀመሪያ የሚታየው የሚንጠባጠብ ቧንቧ ወይም የላላ የበር እጀታ ነው፤ እሱን አጥብቆ እስኪመለስ ምግቡ ይቀዘቅዝበታል። በግድ ያስቀመጡት እንደሆነ ደግሞ ቀኝ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር መንቀጥቀጥ ይጀምርና ብርጭቆው ሁሉ አብሮት ይንቃጨላል። ሚስቱ ጥሩአየሁ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ከሌላ ቃል ሁሉ አብዝታ የተናገረችው «እባክህ ትንሽ ቁጭ በል» የሚለውን ነው።

ጀምሮ የተዋቸው ነገሮች ቢዘረዘሩ ይመሻል። ሦስት ክር የቀራት ጊታር አለች። ላይኛው ግማሽ ያልተሠራለት የመጻሕፍት መደርደሪያ አለ። ስፓኒሽ እስከ ሃያ መቁጠር ሲችል ተወው፤ ንብ ማነብ ሊማር ገብቶ የመጀመሪያዋ ንብ ነድፋ አሰናበተችው። ከሁሉም የሚያስቀው ግን የመንጃ ፈቃዱ ነገር ነው። ሮተርዳም ወደብ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ሲነዳ ያየው ሰው ከእናቱ ሆድ ሲነዳ የወጣ ይመስለዋል፤ እዚህ አገር ቴኦሪ የሚሉትን የጽሑፍ ፈተና ግን ሰባት ጊዜ ወድቋል። ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልሱን ይጫናል። ስለዚህ የቤቱን መኪና የምትነዳው ዞተርሜር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያን የምትንከባከበው ጥሩአየሁ ናት። ባዩ ወደ ሥራ የሚሄደው ሊባኖስ በሚባል የሥራ ባልደረባው መኪና ሲሆን፣ እዚያም ውስጥ ሬዲዮውን ሲነካካ ይደርሳሉ።

ሰው እንዲህ ሆኖ አይወለድም። ባዩ ወደዚህ አገር የመጣ ጊዜ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ደብዳቤ የመጣላቸው ሰዎች ዝርዝር ይለጠፋል። እሱን ያያል፣ ስሙን ያጣል፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጥና ነገን ይጠብቃል። መሥራት አይፈቀድም፤ መጠበቅ ብቻ። ያኔ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ እጆቹ ሥራ ፈትተው ጭኑ ላይ ሲቀመጡ የሌላ ሰው እጅ ይመስሉት ነበር። አንድ ቀን ለጥሩአየሁ «ወንበር ላይ ስቀመጥ ያ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣ ይመስለኛል» አላት። በሌላው ሁሉ ትስቅበታለች፤ በዚህ አንድ ነገር ግን ስቃበት አታውቅም።

ከስደቱ በፊት መካኒክ ነበር። አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ጋሽ አስራት ጋራዥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ጋሽ አስራት ሞተር በጆሯቸው የሚመረምሩ ሰው ነበሩ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍኑና «ሦስተኛዋ ፒስተን ታማለች» ይላሉ፤ ሲፈታም ሦስተኛዋ ሆና ትገኛለች። ጋራዡ ጥግ ላይ አብዮቱ ሲመጣ ባለቤቷ ጥሏት የሄደ ሙስታንግ የምትባል የአሜሪካ መኪና በሸራ ተሸፍና ቆማ ነበር። ሞተሯ ነክሶ እንዳይደርቅ ብለው ቅዳሜ ቅዳሜ ያስነሷታል። ባዩ አንድም ቀን መሪዋን አልያዘም፤ ድምጿ ግን ደረቱ ውስጥ ቀረ። ከጋሽ አስራት ምክር ሁሉ ደግሞ አንዱን አይረሳውም፦ «መኪና ስትገዛ ከሆዷ ጀምር። ፊቷን ቀለም ይሸፍነዋል፤ ሆዷ ግን አይዋሽም።»

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ጥቅምት ወር፣ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ፎርክሊፍት ቀጥ ብሎ ቆመ። ባዩ አዳመጠውና «የጋዝ መስመሩ ነው» ብሎ ካቻቢቴ ይዞ ጠጋ ሲል፣ በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል አለቃው መጥቶ በትሕትና አስቆመው። «የመካኒክነት ዲፕሎማ አለህ? ከሌለህ እባክህ አትንካው፤ ባለሙያ ይመጣል።» ልጁ ክፉ አልነበረም፤ የሥራውን ደንብ ነው የተናገረው። ባለሙያው ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ፣ የጋዝ መስመሩን ቀየረ፣ ሄደ።

ባዩ ካቻቢቴውን መልሶ ካስቀመጠባት ደቂቃ ጀምሮ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀው አለ። ለመሆኑ እጄ ያውቃል ወይስ ረስቷል? ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሞተር አልፈታም። ከረሳ፣ መካኒክ ነበርኩ ማለት የስደተኛ ተረት ሆኖ መቅረቱ ነው። ይህ ሐሳብ አመመው። አልጋ ላይ ያገላብጠዋል፣ ሥራ ላይ ያቁነጠንጠዋል፤ ያን ክረምት ሙርዋይክን በእግሩ ስንት ጊዜ እንደዞራት እሱም አያውቀው።

ሚያዝያ ላይ ኢንተርኔት ሲያስስ አንድ ማስታወቂያ አገኘ። «የ1969 ሙስታንግ፤ ለብዙ ዓመት የቆመች፤ ሞተሯ አይነሳም፤ አምስተርዳም ኖርድ።» ፎቶዋ ላይ አረንጓዴ ቀለሟ ደብዝዟል፣ አንድ ጎማዋ ተንፍሷል። ባዩ ከተቀመጠበት ተነሳ፤ መነሳቱ እንኳ አዲስ ነገር አልነበረም።

«ራስ ሳይጠና ጉተና!» አለች ጥሩአየሁ። «መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው፣ የማትነሳ መኪና!»

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ፀጋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ፓፓ፣ አንተ እኮ መደርደሪያውንም አልጨረስክም፤ ኤርሊክ» አለችው። የምሬን ነው ማለቷ ነው። እዚህ ያደገ ልጅ አባቱን አንተ እንደሚል ባዩ ለምዶታል፤ የመደርደሪያው ነገር ግን ወጋው።

ጥሩአየሁ ፊቱን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይሁን፣ ግዛት። ግን ይቺንም ጀምረህ ከተውካት፣ ሁለተኛ በዚህ ቤት ስለ መካኒክነትህ አይወራም። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለ ባዩ።

በማግስቱ በባቡር አምስተርዳም ደረሰና ከጣቢያው ጀርባ በነጻዋ ጀልባ ኖርድ ወደሚባለው ሰፈር ተሻገረ። ሻጩ ያፕ የሚባሉ የሰባ አራት ዓመት ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። ከበር ተቀብለው ወደ ሳሎን አስገቡት። ጠረጴዛው ላይ የአንዲት ሴት ፎቶ፣ ከፎቶው ፊት አንድ የበራ ሻማ አለ።

«ሚስቴ ሪት ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሞተች» አሉ ያፕ፤ በዚያው ትንፋሽ «ቡናህ ወተት ይግባበት?» ብለው ጠየቁት።

ባዩ ሳያውቅ፣ ባዶ እጁን፣ ልቅሶ ቤት ገብቷል! ባርኔጣውን አወለቀና የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ልቅሶ ቤት የሚደረገው የታወቀ ነው፤ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይባላል፣ ዝም ተብሎ ይቀመጣል። ይህንኑ አደረገ። ያፕ ስለ መኪናዋ እንዲጠይቃቸው ይጠብቃሉ፤ እሱ አይጠይቅም። አንድ ብስኩት ሰጡት፣ የብስኩቱን ጣሳ መልሰው ከደኑት፣ እሱ አሁንም ዝም። እግሩ ከጠረጴዛው ሥር እንዳይንቀጠቀጥ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞታል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ካለፈ በኋላ ሽማግሌው ራሳቸው ተነሱና «እንግዲህ፣ መኪናዋ» አሉ።

ከቤቱ ጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት ከፈቱ። እዚያች ቆማለች። ያፕ ሰማያዊ ቱታ፣ የእጅ መብራትና ማግኔት አዘጋጅተው አቀረቡለት። «በል ሥሯ ግባ። እኔ ራሴ ሥሯን አይቼ አላውቅም። ጡረታ ስወጣ እሠራታለሁ ብዬ ገዛኋት፣ ከዚያ ሪት ታመመች። ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው ማለት ነው፤ ራስህ አረጋግጥ።»

ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር ከየት ይመጣል? ሌላ ገዢ ቢሆን ቱታውን እንኳ ሳያጠልቅ መሬት ላይ ተንጋልሎ፣ አሥር ጉድለት ቆጥሮ፣ አሥሩንም ከዋጋው ላይ ባስቀነሰ ነበር። ባዩ ግን ቱታውን አየ፣ ወደ ሳሎኑ መስኮት ዞሮ ሻማውን አየ። የሴትዮዋ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ከባሏ መኪና ሥር ተንጋልሎ ነውር ሊፈልግ ነው? የሰው ልጅ እንዲህ ያደርጋል?

«አያስፈልግም» አለ። «የእርስዎ ቃል ይበቃኛል።»

«እኔ ምንም ቃል አልሰጠሁህም» አሉ ያፕ ግራ ገብቷቸው።

«ይበቃኛል።»

«ዋጋውንስ አትከራከርም?»

ባዩ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ኮፈኗን በመዳፉ ዳሰሰና በልቡ «ይቅር በሉኝ፣ ጋሽ አስራት» አለ። ይሉኝታ ስንት ዐዋቂ አሞኝታለች፤ የዚያን ቀን ደግሞ ተራው የባዩ ሆነ።

ሊባኖስ ከአንድ ወዳጁ የጭነት መኪና ተውሶ ሙስታንጓን ሙርዋይክ አደረሳት። ከፎቆቹ ጀርባ በተደረደሩት፣ ቦክስ በሚባሉት ትንንሽ ጋራዦች ውስጥ ባዩ አንዱን ከቤቶች ማኅበሩ ተከራይቶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ክሪኩን ሥሯ አስገብቶ መርገጥ ጀመረ። ክሪኩ ወደ ላይ ወጣ፤ መኪናዋ ግን አልተነሳችም። እርጥብ ካርቶን እንደሚበሳ ወለሏን በስቶ ገባ።

ባዩ ተንጋለለና መብራት አበራ። በካቻቢቴ ሲፍቀው ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ ስቱኮ፣ ከዚያ እንደ ቡና አተላ የሚረግፍ ዝገት። ወለሏ አልቋል፤ ሻንሲዋም ሁለት ቦታ ላይ በጣት ይሸራረፋል። ከሥሯ ወጣ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ይል ነበር፤ እሱ መኪናዋን መዞር ጀመረ፤ ዞሮ ዞሮ ሲደክመው ግድግዳውን ተደገፈ። ሞተሩ ይሁን፣ ሞተር የእሱ ነው። ብየዳ ግን አያውቅም፤ ጋሽ አስራት ጋራዥ የላሜራ ሥራ ሲመጣ ለጎረቤት ነበር የሚላከው።

ለጥሩአየሁ አልነገራትም። ከሥራ እየመጣ ሞተሩን ብቻ ይፈታል፤ ወለሉን እንዳያይ ካርቶን አንጥፎበታል። እንዲህ ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ከቤቶች ማኅበሩ ለቦክስ ተከራዮች ሁሉ ደብዳቤ መጣ። ቦክሶቹ በመጪው ዓመት፣ በ2016 ሚያዝያ አንድ ቀን ይፈርሳሉ፤ እስከዚያ ያልወጣ ዕቃ ሁሉ ተጭኖ ይጣላል። መኪና መንገድ ላይ ማቆም የሚቻለው ደግሞ አፔካ የሚባለውን የመኪና ምርመራ ካለፈ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ወለል ይዛ ምርመራ የምታልፍ መኪና የለችም። ደብዳቤውን መጀመሪያ ያነበበችው ጥሩአየሁ ነበረች፤ አንብባም ቀጥታ ወደ ቦክሱ ሄደችና ካርቶኑን ገለጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ባዩ ነገራት፤ ሻማውንም፣ ቱታውንም፣ ማግኔቱንም።

«ሥሯን አላየህም? አንተ? የዘጠኝ ዓመት መካኒክ?»

«ልቅሶ ቤት እኮ ነው፣ ጥሩዬ።»

«ልቅሶውን ለብቻ፣ ንግዱን ለብቻ ማድረግ ያቅታል? እኔ ስንቱን ግትር ሽማግሌ በየቀኑ አባብላለሁ። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ወይ ይመልሱ፣ ወይ ይቀንሱ። አንተ እዚሁ ተንቆራጠጥ።»

ቅዳሜ ሄደች። ባዩ የዚያን ቀን ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ሲል ዋለ። ጥሩአየሁ አመሻሽ ላይ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ በእጇ በፎይል የተሸፈነ ኬክ ይዛለች።

«እሺ?» አላት።

«ሻማው አሁንም እንደበራ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ስትሞት እጇን ይዘው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ። ይህን እየነገሩኝ ስለ ላሜራ ላውራ?» ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይኼን ራሳቸው ጋግረውት ነው። በሕይወታቸው ሲጋግሩ የመጀመሪያቸው ነው፤ መሃሉ አልበሰለም።»

አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጣ፣ ለሴትዮዋም፣ ርቃ ላልቀበረቻት የገዛ እናቷም አልቅሳ፣ ስኒ አጥባ ነው የመጣችው። ስለ መኪናዋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» አለ ባዩ።

ጥሩአየሁ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ሳቅ አመለጣት። ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ቀዳዳው ያው ቀዳዳ ነበር፤ ባዩም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ያፕ ናቸው። «ባዩ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። አንተ መጣህ፣ ግማሽ ሰዓት ዝም አልክ። ሚስትህ መጣች፣ አለቀሰች፣ ስኒ አጠበች፣ ሄደች። እኔ ሽማግሌ ነኝ እንጂ ደደብ አይደለሁም። መኪናዋ ምን ሆናለች?»

ባዩ ቢጨንቀውም ነገራቸው። ያፕ እስኪያስደነግጡት ጮኹ። «ታዲያ ለምን አትናገሩም! ሐዘንተኛ ነኝ እንጂ ብርጭቆ አይደለሁም!» ትንሽ ቆይተው ድምፃቸው ወረደ። «የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ቤቱ ነው፣ ስለ ወረቀቱ ነው የሚያወራኝ። ዝም ብሎ የተቀመጠልኝ እናንተ ብቻ ናችሁ። እኔ አርባ ዓመት የመርከብ በያጅ ነበርኩ። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

መጡም። የብየዳ መሣሪያውን ሊባኖስ በመኪናው አመጣላቸው፤ እሳቸው ዳቧቸውን በቅርጫት ይዘው በባቡርና በትራም ከች አሉ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በጋው፣ መኸሩ፣ ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ያፕ የበሰበሰውን እየቆረጡ አዲስ ላሜራ ይመትራሉ፣ ይቀጠቅጣሉ፣ ይበይዳሉ፤ ባዩ ሞተሩን ዘርግፎ ያጥባል፣ ይለካል፣ የፒስተን ፋሻ ከአሜሪካ ያስመጣል። ሽማግሌው ልክ አራት ሰዓት ላይ ለቡና፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ለዳቦ፣ ሣጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ። ለባዩም ሌላ ሣጥን ይገለብጡለታል፤ እሱ ግን ዳቦውን ቆሞ እየዞረ ይበላዋል። «ቁጭ በል እንጂ!» ይሉታል በቋንቋቸው። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ሁለት ሆኑ።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ «ሙስታንጓ ተነሳች?» የማይለው የለም። ባዩም «በቅርብ» ይላል። ከመደጋገሙ የተነሳ ስም አወጡለት፤ «በቅርብ መጣ፣ በቅርብ ሄደ» ሆነ ወሬው ሁሉ። አብሯቸው ይስቃል። ውስጡ ግን አይስቅም፤ ካላንደሩ ላይ ያለችው ሚያዝያ አንድ እየቀረበች ነው።

መጋቢት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁሉም ቦታው ገባ። ወለሉ ደንድኗል፤ ሞተሩ ኮፈኑ ሥር ተሰቅሏል። ጥሩአየሁም ልታይ መጣች። ባዩ ቁልፉን አዞረ።

ዷ! በካርቡራተሩ በኩል የእሳት ምላስ ወጣና ያፕ ወደ ኋላ ተፈናጠሩ። ደግሞ አዞረ። ዷ! ጥቁር ጭስ ቦክሱን ሞላው። አሥር ጊዜ ሞከረ፤ አሥሩንም ጊዜ ሳለች እንጂ አልተነሳችም።

«ወለሏ ጥሩ ሆኗል» አሉ ያፕ በቀስታ። «ለሞተሩ ብቻ ባለሙያ እንጥራ?»

ክፋት አልነበራቸውም። ግን ቃሏ ያችው ቃል ናት፤ ባለሙያ። ባዩ ካቻቢቴውን አስቀመጠና ዝናቡ ውስጥ ወጣ። በቦክሶቹ መሃል ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። እንባው መጣ፤ አልጠረገውም። ረስቷል። እጄ ረስቷል። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሲያስቸግር ከርሞ፣ ይኸው ተረት ሆኖ ቀረ።

ስድስተኛ ምልልሱ ላይ ይመስላል፣ ድንገት ቆመ። ቆይ፣ በየት በኩል ነው የሳለችው? በጭስ ማውጫዋ አይደለም፤ በአፏ፣ በካርቡራተሩ ነው። የጋሽ አስራት ድምፅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጥርት ብሎ መጣለት። «በአፏ የምትስል ሞተር አልታመመችም፤ ሰዓቷ ነው የተዛባባት።»

ሰዓቷን የሞላው ደግሞ ራሱ ባዩ ነው። ለካንዴላዎቹ እሳት በየተራ የሚያድለውን ዕቃ የገጠመ ቀን የመጀመሪያዋ ፒስተን አየር ጨምቃ ስትወጣ በአውራ ጣቱ መጠበቅ ነበረበት። አልጠበቀም። ከፊት ያለው ምልክት ልኩ ላይ ሲደርስ አየና ገጠመው፤ ያ ምልክት ግን በአንድ ሙሉ የሞተሩ ዑደት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ በውሸት፣ አንዴ በእውነት። ስምንተኛውን ቴኦሪ ወድቆ ኖሯል! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

ዝናብ እያንጠባጠበ ገባ። «ጥሩዬ፣ ያን ረጅም መፍቻ ያዢና ሞተሩን ከፊት በእጅ አዙሪው። በጣም በቀስታ። በቃ እስክልሽ።» የመጀመሪያዋን ካንዴላ ፈታ፣ አውራ ጣቱን ቀዳዳው ላይ ደፈነ፣ ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ በደረቱ ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ጥሩአየሁ አዞረች። ምንም። ትንሽ አዞረች። ምንም። አየሩ ጣቱን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገው፤ ገና ነው። ባዩ ጠበቀ። ያፕ መብራቱን ይዘው ትንፋሻቸውን ዋጡ። በሕይወቱ አንድን ነገር እንዲህ ጠብቆ አያውቅም፤ ደብዳቤውን እንኳ። ከዚያ አውራ ጣቱ ሥር ሞቅ ያለ፣ ጠንካራ ትንፋሽ ገፋው።

«በቃ!»

ምልክቱ ልኩ ላይ ነበር። ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ፣ የእሳት ማደያው ጠቋሚ ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ተቃራኒው አዙሮ ቆሟል። ነቀለው፣ ግማሽ ዙር አዞረው፣ መልሶ ገጠመው። «አሁን አንቺ አስነሺያት» አላት።

ጥሩአየሁ ገብታ ቁልፉን አዞረች። አንዴ ተንጠራራች፣ ተነሳች! ያ ድምፅ፣ የተክለ ሃይማኖቱ የቅዳሜ ድምፅ፣ የቦክሱን ቆርቆሮ በር አንቀጠቀጠው፤ ከፎቆቹ ላይ መስኮት ተከፈተ፣ ውሻ ጮኸ። ያፕ ቆባቸውን አወለቁ። ባዩ ካቻቢቴውን አንስቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አንድ በአንድ አዳመጠ። ስምንቱም ፒስተኖች ጤነኛ ናቸው። «አልረሳም» አለ፤ በአማርኛ ነው ያለው፣ ግን ያፕም የገባቸው ይመስላል።

አፔካው ከአሥር ቀን በኋላ ሆነ። መርማሪው መኪናዋን ወደ ላይ አንስቶ ሆዷን ረጅም ጊዜ አየ። የጠየቀው «ይህን ብየዳ የሠራው ማነው?» ብቻ ነበር፤ ያፕ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። አለፈች። በዚያው ሳምንት ማብቂያ ቦክሱ ባዶ ሆነ።

የመጀመሪያ ጉዞዋን የወሰነችው ጥሩአየሁ ናት። «የሪት ሙት ዓመት እሑድ ነው። ሳይታሰብማ አያልፍም» አለች። ያፕ ይህ ልማድ ምን እንደሆነ ባያውቁም እሺ አሉ። አምስተርዳም ድረስ እሷ ነዳች። ሽማግሌውን ከቤታቸው ሲያነሱ ባዩ ጋቢናውን ለቀቀላቸውና ከኋላ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካው ታጥፎ ገባ።

መቃብሩ አጠገብ አንድ የእንጨት አግዳሚ ነበረ። ያፕ አበባውን አስቀመጡና መሃል ተቀመጡ፤ እነሱም ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ከውሃው በኩል የሚመጣው ንፋስ ይጋረፋል። ሩብ ሰዓት ሲያልፍ የጥሩአየሁ ጣቶች ደነዘዙ፤ ባሏ ከዚህ በላይ እንደማይችልም ታውቃለች። በዓይኗ ጠቀሰችው። ያፕም «በሉ፣ ይበቃል፣ አመሰግናለሁ» ብለው ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ።

ባዩ አልተነቃነቀም።

«ትንሽ እንቀመጥ» አለ።

ጥሩአየሁ መጀመሪያ ፊቱን አየች፤ ከዚያ ዝቅ ብላ ቀኝ እግሩን አየች። እግሩ ጠጠሩ ላይ ጸጥ ብሏል። ጓንቷን አወለቀችና በብርድ የደነዘዘ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች።

«ባዩ፣ አሞሃል እንዴ?» አለችው።